ጨው ያልነካው ክር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከወንጂ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ተማሪዎቻችን፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ። እኔ ማናሴ ነኝ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪው። ከላብራቶሪ ሠራተኛው ከወዬሳ ጋር አንድ ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል።

ትናንት ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው «የገዛ ሥራው በላው» ሲል ሰማሁ። እውነት ነው? አይደለም። አፈር ሳይለብስ ልናገር።

የላብራቶሪ ማሞቂያ ይገዛላችኋል እየተባልን ስንት ዓመት ጠበቅን? ወዬሳ አልጠበቀም። የማርማላታ ጠርሙስ ለቀመ። ክዳኑን በሚስማር በሳ፣ የጥጥ ክር አሾለከ፣ አልኮል ሞላ። ማስቀመጫውን ከአርማታ ብረት ቁርጥራጭ አበየደ። ሃያ አራት ኩራዝ ሠራልን። መጀመሪያ ቀን ውሃው ሲፈላ ተማሪያችን ፋኢዛ ምን አለች? ይቻትና፣ እዚህ ቆማለች። «ቲቸር፣ ለካ ይሄ ነገር እውነት ነው» አለች። እስከዚያ ድረስ ኬሚስትሪ ለእነሱ የሰሌዳ ሥዕል ነበር።

የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም። ወዬሳ ይህን ስለሚያውቅ ክሩን ሁሉ በጨው ውሃ ነክሮ ያደርቅ ነበር። ጨው እሳቱን ቢጫ ያደርገዋል፤ ያኔ ይታያል። እኔ እስቅበት ነበር። «ሽሮ ልትሠራ ነው እንዴ?» እለዋለሁ። «ሳቅ አንተ» ይለኛል። «ሰውን የሚበላው የማይታየው እሳት ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ፣ መዳብ እሳትን አረንጓዴ እንደሚያደርግ ለተማሪ ላሳይ ነበር። ቢጫው አስቸገረኝ። ከአንዱ ኩራዝ የወዬሳን ክር አውጥቼ ጨው ያልነካው አዲስ ክር ከተትኩ። ነገርኩት? አልነገርኩትም። ስጨርስ አጠፋሁት? አላጠፋሁትም። መስኮቱ ሥር ትቼው ወጣሁ።

ፀሐይ ነበር። ወዬሳ ሊሞላው መጣ። እሳት አላየም። የጠፋ መስሎት ክዳኑን ከፍቶ ጀሪካኑን አዘነበለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን አስጠራኝ። «ማናሴ፣ ያንን ክር ጨው ውሃ ውስጥ መንከር ረስቼ ይሆን?» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «እንጃ» አልኩት። ፈራሁ። ራሱን እየተጠራጠረ ሞተ።

አዴ ሶረቲ፣ ልጅዎ አልተሳሳተም። ቢሊሴ፣ ባልሽ አልተሳሳተም። ልጆቹ ሲያድጉ ንገሪያቸው፤ ስሜንም አትደብቂ። ከእንግዲህ ፊቴን ማየት ባትፈልጉ አልቀየምም።

ወዬሳ፣ ያኔ ስትጠይቀኝ እውነቱን መመለስ ነበረብኝ። ክሩን ነክረኸው ነበር። አውጥቼ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።