የግንበኛው ጆሮ

ሽማግሌው ግንበኛ የልስን ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ፣ የእህታቸው ልጅ መሐንዲሷ ዋናው ምሰሶ ላይ የሳሙና መያዣ የምታህል ሳጥን ስትለጥፍ ደረሱባት። ፎቁን በወጣትነታቸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ አሁንም ከነልጃቸው ይኖሩበታል። ስለዚህ ሰላምታው ቀረ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሴንሰር ነው አጎቴ! ምሰሶው ሲያዘነብል፣ ስንጥቁ ሲሰፋ ያለ ገመድ ለስልኬ ይነግረኛል!» ከአጎቷ ጋር ሳትጮህ አውርታ አታውቅም።

«ሕንፃዬ ታመመ ያለሽ ማነው?»

«ባለፈው ወር የለሰኑት ስንጥቅ!»

«ከለሰንኩት ምን ቀረው?»

«ልስኑ የደበቀው ከእኛ ነው፤ ምሰሶውማ መሰንጠቁን ያውቃል! ስንጥቅ ባዩ ቁጥር ይለስናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ተከራይም አዲስ ቤት ነው ብሎ ልጆቹን ይዞ ይገባል። ኅሊናዎ እንዴት እሺ አለዎት?»

«አፍሽን ያዢ! እኔ ምሰሶን በመዶሻ መታ አድርጌ በድምፁ ነው የማውቀው። ስንት ፎቅ ያቆመ ጆሮ ነው ይሄ!» መዶሻቸውን አውጥተው መቱት፤ ጆሯቸውን ለጠፉበት። «ሰማሽ? እንደ ደወል!»

መሐንዲሷ የሰማችው ሌላ ነው። «አጎቴ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው።»

«ምን?»

«ስልክዎ! ኪስዎ ውስጥ! ከመጡ ጀምሮ ይጮሃል!»

ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችላቸው። ልጃቸው ነበረች፣ ከላይኛው ፎቅ። «አባባ፣ በሩ ዛሬም አልከፈት አለ! ከልጆቹ ጋር ውስጥ ቀርቻለሁ፤ መላጊያውን ይዘው ይምጡ!»

«ያንን በር ስንቴ ላጉት?» አለች መሐንዲሷ።

«በየክረምቱ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል...»

«አሁን በጋ ነው አጎቴ! በሩ አላበጠም፤ ሕንፃው አዘንብሎ ነው የተጫነው!»

የለሰኑትን ምሰሶ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ንዴታቸው ዞሮ በራሳቸው ላይ ወረደ፤ ባልዲውን በእርግጫ ሲሉት ልስኑ ጫማቸውን አለበሰው። ሽቅብ ሮጠው በሩን በመዶሻ ገነጠሉት፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አወጡ፤ «ውጡ!» እያሉ የተከራዩን በር ሁሉ ደበደቡ።

ሳጥኗም በቀጣዮቹ ቀናት ምሰሶው በየዕለቱ ማዘንበሉን አረጋገጠች። ሕንፃው በብረት ተደግፎ፣ ምሰሶው ተጠናክሮ፣ ሰዎቹ በሕይወት ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሳጥኗ አትተኛም፣ በሠራችው ፎቅ አትኮራም፣ ጉዳቱ ሳይብስ የቱ ጋ እንደሚጠገን ትናገራለች። ለዚህም ነው ዛሬ በየምሰሶው ላይ የተለጠፈችው።

ሽማግሌውም አሁን ባልዲ የያዘ ሰው ምሰሶ አጠገብ ካዩ መዶሻቸውን ይዘው ይነሣሉ። «መጀመሪያ ሳጥኗን ጠይቅ፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ!»

ሳጥኗ ያለችውን ግን ልጃቸው ናት የምታነብላቸው፤ ጮክ ብላ።