ከሲኒማ ፀዳል አልወጣም ያለው ሰው

(ከተዘጋ የቆየው የሰፈሩ ሲኒማ ፀዳል፣ ጠዋት። የድሮዋ ትኬት ሻጭ ዘርፌ ከደረጃው ሥር ቆማለች፤ የድሮው ፊልም አጫዋች፣ ኋላም የአዳራሹ ዘበኛ ድልነሳው፣ ከላይ የማሽን ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል፤ ደጅ ላይ አዳራሹን ሊያፈርስ የመጣው ዶዘር ይጠብቃል።)

ዘርፌ፦ ውጣ አልኩህ! ሰውየው የዶዘሩን ሞተር አስነስቷል።

ድልነሳው፦ ያስነሳው። ነዳጁ የራሱ ነው።

ዘርፌ፦ አሁን ቀልድ አማረህ? «ይዤው እወጣለሁ» ብዬ አፍራሾቹ እግር ላይ ወድቄ ነው የገባሁት። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ አይሰማህም?

ድልነሳው፦ ይሄ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ነው የኖረው። ፊልም ተቆርጦ ሰዉ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ወንበር ሲደበድብ ያልወደቀ፣ ዛሬ ይወድቃል?

ዘርፌ፦ ያኔ ሕዝብ ነበር፣ ዛሬ ብረት ነው። ደግሞ መናገር ካማረህ «ይፍረስ» ሲባል የሰፈሩ ስብሰባ ላይ አትናገርም ነበር? አንገትህን ደፍተህ ወጣህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ድልነሳው፦ ምን ልበላቸው? «ቁንጫ የወረረው አዳራሽ ተዉልኝ» ልበል?

ዘርፌ፦ ቁንጫውስ እውነት ነው። አንደኛ ማዕረግ የገባውም ሁለተኛ የገባውም እኩል እያከከ ነበር የሚወጣው።

ድልነሳው፦ ሳቅሽ እኮ!

ዘርፌ፦ አልሳቅኩም! ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው እዚህ ቆሜ። ውረድ!

ድልነሳው፦ ያ የህንድ ፊልም ትዝ ይልሻል? ጥቅሉ የተዛነቀብኝ?

ዘርፌ፦ አሁን የሱ ጊዜ ነው?

ድልነሳው፦ ትዝ ይልሻል ወይ?

ዘርፌ፦ እንዴት እረሳዋለሁ! የመጨረሻውን ጥቅል መሐል ላይ አስገብተህ ጀግናውን ገደልከው። አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ገና እንባችን ሳይደርቅ ያው የሞተው ልጅ እየዘፈነ ከች! «ተነሳ!» ተባለና እልልታው ቀለጠ።

ድልነሳው፦ በማግስቱ አስተካክዬ ባሳያቸው ሊበሉኝ!

ዘርፌ፦ እኔን ነው እንጂ ሊበሉ የነበረው! «ለምን ሞቶ ይቀራል? እንደ ትናንቱ አድርጉልን!» ብለው የትኬት መሸጫዬን መስታወት አረገፉት። አንተማ ላይ ተደብቀሃል፣ እንደ ዛሬው።

ድልነሳው፦ ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በመጣ ቁጥር አዛንቄ ነበር የማሳየው። እዚህ ቤት ሰው ሞቶ አይቀርም ነበር፣ ዘርፌ።

ዘርፌ፦ ታዲያ ለሰፈር ሙሉ ሙት ያስነሳህ ሰውዬ፣ ራስህን ከነነፍስህ መቅበር አማረህ?

ድልነሳው፦ ወጥቼስ ወዴት እሄዳለሁ?

ዘርፌ፦ የእህትህ ልጅ «ይምጣ» ብሎ የለም እንዴ?

ድልነሳው፦ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ገብቼ ማዕድ ልጋፋ? እዚህ ጠዋት ተነስቼ ማሽኔን እወለውላለሁ። አንቺ ደጃፉ ላይ ቆሎሽን ትዘረጊና ቀና ብለሽ «እንዴት አደርክ?» ትይኛለሽ። በቃ፣ ኑሮዬ ይቺው ናት። ነገ አንቺ ምትክ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ከከተማው ዳር። እኔን ማን «እንዴት አደርክ?» ይለኛል?

ዘርፌ፦ ይቺን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀኸው?

ድልነሳው፦ ምን አልኩ?

ዘርፌ፦ ምንም አላልክም! ባሌ ከሞተ ጀምሮ ምንም አላልክም! ማሽንህን የምታያትን ያህል እኔን ብታየኝ ምን ነበረበት?

ድልነሳው፦ ሰው ምን ይላል ብዬ ነዋ።

ዘርፌ፦ ሰውማ ድሮ ብሎ ብሎ ጨርሷል! ያላልከው አንተ ብቻ ነህ።

ድልነሳው፦ ኧረ ዘርፌ! ምንድን ነው የተናደው?

ዘርፌ፦ አጥሩ ነው። ጀመሩት።

ድልነሳው፦ ውጪ! አንቺ ውጪ፣ በእመብርሃን!

ዘርፌ፦ ንቅንቅ አልልም። ስማኝ። ምትክ ቤቱን ሊሰጡኝ ሲሉ «ብቻሽን ነሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ድልነሳው፦ ምን አልሽ?

ዘርፌ፦ «ብቻዬን አይደለሁም» አልኩ። በል ውረድ፤ በስተርጅናዬ ውሸታም አታድርገኝ!