አስካለ የደፈነቻት ቀዳዳ

ሐዋሳ፣ ነገ በሚመረቅ ፔንሲዮን እንግዳ መቀበያ ውስጥ፤ ባለንብረቷ እትዬ አስካለ ከትልቁ የዓሣ ገንዳ ፊት ወገባቸውን ይዘው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ዱካሞ መሰላል ላይ ወጥቶ።

ዱካሞ፦ ይህቺን የቧንቧ ቀዳዳ ማነው የደፈናት? በስንት ጥንቃቄ የበሳኋትን!

አስካለ፦ እኔ ነኛ! ዛሬ ጠዋት በማስቲሽ ጥርቅም አደረግኳት። ውሃ ስትተፋ አይቼ ዝም ልበል?

ዱካሞ፦ አውቄ እኮ ነው የበሳኋት።

አስካለ፦ ነገ ደግሞ ልብስ ሰፊዬ “ቀሚስሽን አውቄ ነው የቀደድኩት” ይለኛል።

ዱካሞ፦ እትዬ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ከሥራችን ምድር ቤት ያለው ገንዳ ውሃውን ያጣራል፤ ፓምፑ በዚህ ቧንቧ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የተረፈው በዚያኛው ይወርዳል። እዚህ ድረስ ተግባባን?

አስካለ፦ ይህንንማ የእህቴ ልጅ በወረቀት ስሎ አሳይቶኛል። እሱ ሥዕል ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም።

ዱካሞ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሱ ሥዕል ላይ መብራት ይጠፋል?

አስካለ፦ እዚህ ትናንት ብቻ ሦስቴ ጠፍቷል። ምን ሆነ? ጠብታ አልፈሰሰም!

ዱካሞ፦ ትናንት ቀዳዳዋ ነበረቻ! ፓምፑ ሲቆም ያው ቧንቧ ዞሮ የላይኛውን ውሃ ይመጥጥና ቁልቁል ይለቀዋል። ውሃው ከቀዳዳዋ ትንሽ ዝቅ ሲል በእሷ አየር ይገባና መምጠጡ ያቆማል። እርስዎ እስትንፋሷን ዘጉባት።

አስካለ፦ ቢወርድስ? የታችኛው ገንዳ ይቀበለዋል።

ዱካሞ፦ እሱስ ልክ ነው። ለዚያ ብዬ ሲሶውን ባዶ ትቼዋለሁ።

አስካለ፦ አውቀህ ነው እንዴ ያጎደልከው?

ዱካሞ፦ ምነው፣ ነኩት እንዴ?

አስካለ፦ ጎዶሎ ነገር አልወድም። ሰው “እንኳን ደስ አለሽ” ሊለኝ ሲመጣ ቤቴ ውስጥ ያልሞላ ዕቃ ይቁም? እስከ አፉ ሞላሁት። በባልዲ፣ በገዛ እጄ።

ዱካሞ፦ ምድር ቤት ወርዶ ገንዳ የሚያይ የትኛው እንግዳ ነው?

አስካለ፦ እግዜር ያያል።

ዱካሞ፦ እሱማ መብራት ሲጠፋም ያያል።

አስካለ፦ አታሟርትብኝ! ጄኔሬተር አለኝ።

ዱካሞ፦ ዘበኛዎ ነቅቶ፣ ቁልፉን ፈልጎ፣ ነዳጅ ሞልቶ እስኪያስነሳው ዓሦቹ በደረታቸው ይሳባሉ።

አስካለ፦ እጅህ እንደ አፍህ ቢሠራ የት በደረስክ!

ዱካሞ፦ ግማሽ ቀን ይስጡኝ። ማስቲሹን እፍቃለሁ፣ የታችኛውን አጎድላለሁ።

አስካለ፦ ግማሽ ቀን! አናጺው ይህን ሁሉ ቧንቧ በጣውላ ሊያሽገው በር ላይ ቆሟል። ነገ ማታ ከዲላ ሠርገኛ ይገባል። ሃያ አልጋ ገና አልተነጠፈም፤ ፍራሹ በሙሉ ምድር ቤት ወለሉ ላይ ነው ያለው።

ዱካሞ፦ ወለሉ ላይ? ከገንዳው አጠገብ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

አስካለ፦ ተረትህን ለሚስትህ! ይልቅ ለስምህ እዘን። ነገ ከተማው “ዱካሞ ቀዳዳ ቧንቧ ገጥሞ እትዬ አስካለ ደፈኑለት” ሲል እሰማለሁ።

ዱካሞ፦ ይበል። እኔን የሚያስፈራኝ “ዱካሞ የገጠመው ገንዳ ሠርገኛውን እርጥብ ፍራሽ ላይ አስተኛ” ያለ ቀን ነው።

አስካለ፦ ቀዳዳዋ አትከፈትም ብያለሁ፣ አትከፈትም!

ዱካሞ፦ እሺ፣ አንጨቃጨቅ። የፓምፑ ማጥፊያ ይኸው አጠገቤ ነው። መብራት እስኪጠፋ ከምንጠብቅ አሁኑኑ ላጥፋውና እንየው። ታች ምንም ካልፈሰሰ አናጺው ያሽገው፤ እኔም ሙያ ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው እያልኩ በየሰፈሩ እዞራለሁ።

አስካለ፦ አጥፋዋ! የምፈራህ መሰለህ?

ዱካሞ፦ እውነት ላጥፋው?

አስካለ፦ አጥፋው አልኩህ! ደግሞ ጆሮህም ተደፈነ?

ዱካሞ፦ እሺ እንግዲህ። አንድ... ሁለት...

አስካለ፦ ቆይ! ቆይ አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ ፍራሾቼን ላውጣ።