የተዋናይቷ ድምፅ

የኮሮናው ሎክዳውን አታክቶኝ፣ ሜይፌር ሰፈር ባለችው ሱቄ ውስጥ ከፍርግርጉ ጀርባ አገጬን በእጄ ደግፌ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት ሰላም ስትለኝ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ማማ፣ ብራውን ዳቦ ነው አይደል?» አልኳት። ለፊልም ሥራ መጥታ በረራ ሲዘጋ እዚሁ የቀረች አሜሪካዊት ተዋናይት ናት።

«በማስክ እንዴት አወቅኸኝ?»

«በድምፅሽ ነዋ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «ዕድሜዬን ጣሊያን አገር ፊልም ስሠራ ኖርኩ። ፊልሙ ላይ ግን የሌላ ሴት ድምፅ ነው የሚያስገቡት። መንገድ ላይ ሁሉም ፊቴን ያውቀዋል፤ ስናገር ‹አንቺ አይደለሽም› ይሉኛል።»

ከዚያ «በል ፊቴንም እየው» ብላ ማስኳን ልታወርድ ስትል፣ «ኧረ ማማ፣ መልሺው! ፖሊስ ካየን ሱቁን ያሽግብኛል» አልኳት። መለሰችው፤ ዳቦዋን ይዛ ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ መልኳን አላውቀውም።