ጽጌረዳ፣ ቦጋንቪላና ሃምሳ አራት ደረጃ

ሰዓት ሠሪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ቆልፈው በችግኝ ሻጩ ደጃፍ ሲያልፉ፣ የባለቤታቸውን የእህት ልጅ አንድ ችግኝ አቅፋ ቆማ አገኟት። ልጅቷ የአትክልት ትምህርት ተምራ በቅርቡ በከተማው መናፈሻ ሥራ የያዘች ናት። ሰውየውን ደግሞ በሰፈሩ ሁለት ነገር ያስከብራቸዋል፤ አንደኛው የቆመ ሰዓት ሁሉ በእጃቸው መንቀሳቀሱ፣ ሁለተኛው በግቢያቸው ያለው አሥራ አንድ እግር ጽጌረዳ። ስለ ሰዓቱ ሌላ ሰው ያወራላቸዋል፤ ስለ ጽጌረዳው ግን እሳቸው ራሳቸው ይበቃሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ደህና ነኝ ልጄ። እንኳን አገኘሁሽ! ሦስት እግር ጽጌረዳ ልጨምር ነው። ተምሬያለሁ ካልሽ እስቲ ምረጪልኝ።»

«መምረጡን እመርጥልዎታለሁ። ግን ባይጨምሩ ደስ ይለኛል። እንዲያውም ካሉት ላይ ቀንሰው ይቺን ቢተክሉስ?» ብላ ያቀፈችውን አሳየቻቸው። ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ቦጋንቪላ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ክው አሉ። በገዛ ዘመድ፣ በአደባባይ፣ ያውም ችግኝ ሻጩ እየሰማ! ሻጩ ክርክሩን ወዶ ይሁን ገበያውን ፈልጎ፣ ሳይለምኑት ሁለት በርጩማ አቀረበላቸው።

«ይሄ እኮ የአጥር ማልበሻ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው ቁጭ እያሉ። «በይ አሽትቺው። ምን ይሸታል?»

«ምንም አይሸትም።»

«መዓዛ የሌለው አበባ ምኑን አበባ ሆነ? ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ አይሻልም?»

«በመዓዛው ረትተውኛል ጋሼ፤ በዚህ ጽጌረዳን የሚወዳደር የለም። እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ይሄ ቀይ የሚያዩት አበባው አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ናት።»

«ይኸው! በራስሽ አፍ! አስመሳይ ነው ማለት ነው!» ብለው ወደ ሻጩ ዞረው ሳቁ።

እውነት የሆነውን ሁሉ ሳያንገራግር «እሺ» የሚል ተከራካሪ አደገኛ ነው። ሰዓት ሠሪው ይህን ገና አላወቁም።

«እንግዲህ ወደ ሌላው እንሂድ» አለች። «እሾህ ሁለቱም አላቸው። ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ። ትልቁ ልዩነታቸው ውኃ ላይ ነው። ቦጋንቪላ የመጀመሪያውን ዓመት ደህና አድርገው ካጠጡት፣ ሥር ከሰደደ በኋላ በበጋም አልፎ አልፎ ካገኘ ይበቃዋል። ውኃ ከበዛበት ጭራሽ አበባውን ይቀንሳል። የእርስዎ ጽጌረዳዎች ግን በዚያ ጠጠራም መሬት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታቸው፣ በበጋ በየቀኑ ካልጠጡ ያኮርፋሉ።»

«ይጠጡ! ማን ከለከላቸው?»

«ከየት ነው የሚጠጡት?»

«ከቧንቧ ነዋ!»

«ከየትኛው ቧንቧ?»

ከትንኝ የምታንስ ብሎን በየትኛው መሳቢያ እንዳለች ጨለማ ውስጥ የሚያውቁት ሰዓት ሠሪ ይህን አያውቁትም ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የጽጌረዳዎቹ ሥር ደረቅ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ረጥቧል። እሑድ እሑድ ደግሞ እሳቸው ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ረጥቦ ይቆያቸዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሁልጊዜ ተሠርቶ የሚያገኙትን ሥራ ማን እንደሚሠራው መጠየቅ ለብዙዎቻችን ትዝ አይለንም።

«የቤታችሁ ቧንቧ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ይንጠባጠባል። ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢበቃ ነው። የአበባው ውኃ የሚመጣው ከታች፣ ሰፈሩ በጋራ ከሚቀዳበት ቧንቧ ነው። ከዚያ እስከ ግቢያችሁ ስንት ደረጃ አለ?»

«ሃምሳ አራት» አሉ ወዲያው። ቁጥር ላይ አይታሙም።

«ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን፣ በቀን አምስት ምልልስ። ያባዙት እስቲ።»

«ሁለት መቶ ሰባ…» ድምፃቸው ወረደ። ነገር ግን ቶሎ ደረታቸውን ነፉ። «ታዲያስ? አክስትሽ ብርቱ ሴት ናት። አንድ ቀን ከበደኝ ብላኝ አታውቅም። ደግሞስ ለማን የተከልኩት መሰለሽ? ለእሷው ብዬ ነው!»

ልጅቷ አንድ ነገር ልትናገር ብላ መልሳ ዋጠችው። አክስቷ «ለእሱ ትንፍሽ ብትይ ዓይንሽን አላይም» ብለው ያስማሏት ነገር ነበረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳይለካ የሚያወራ ሰው አይወዱም» አለች በመጨረሻ። «ነገ እሑድ ነው። አክስቴ በማለዳ እኛ ቤት መጥታ ትውላለች። አንድ ቀን ብቻ ራስዎ ያጠጧቸው። አመሻሽ ላይ ይዣት እመጣለሁ። በሐሳብዎ ከጸኑ ሦስቱን ጽጌረዳ እኔው በእጄ እተክልልዎታለሁ።»

«አንድ ቀን? እየተጫወትኩ ነው የምጨርሰው!» አሉ ሰዓት ሠሪው፤ ኮታቸውን አራግፈውም ሄዱ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ጀሪካን እያፏጩ አወጡት። በሁለተኛው ፉጨቱ ቀረ፤ ጀሪካኑን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያገላበጡ ደረሱ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሃያ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጀሪካኑን ዱብ አደረጉት።

በዚያ ቦታ፣ በልብስ ሰፊዋ በር አጠገብ ሰፋ ያለ ማረፊያ አለ። እዚያም ላይ ከደረጃው ብረት ጋር በገመድ የታሰረች ትንሽ መከዳ አለች። ሰዓት ሠሪው በየቀኑ ያልፏታል፤ የልብስ ሰፊዋ ድመት መኝታ ትመስላቸው ነበር። ዛሬ ግን ከድመትም ቢሆን ለምነው የሚቀመጡበት ሰዓት ስለሆነ ዘፍ አሉባት። አረፍ ሲሉ ጨርቋን አስተዋሉ። ቡናማ ነው፤ ነጭ መስመር አለው። «የት ገባ?» ብለው ለወራት የፈለጉት የድሮ ኮታቸው ነበር።

ይህኔ ከውስጥ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ መጣ። «ዱብ ስታደርጊው ሰማሁሽ! ጉልበትሽ እንዴት አደረ? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ እያለሽ ዛሬም ተሸከምሽ? ኧረ አንቺስ ለራስሽ እዘኚ…» እያለች በሩን ከፈተችና ምላሷን ዋጠች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ሐኪሙ ምን አላት?»

ልብስ ሰፊዋ ዘወር ዘወር ብላ መሸሻ አጣች። «ጉልበቷ ተጎድቷል ነው ያላት። ሸክሙንና ደረጃውን ካልተወች ዱላ ሳትይዝ መሄድ አትችልም ብሏታል። ዓመት ሊሞላው ነው። ይቺንም መከዳ እኔ ነኝ የሰፋሁላት፤ በየምልልሱ እዚህ ታርፍባታለች። ለእርስዎ እንዳንነግር ለምናናለች።»

«ለምን?»

«ጽጌረዳውን በጣም ስለሚወዱት ነዋ።»

ሰዓት ሠሪው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ላብ እንደሚጠርጉ ሁሉ በእጅጌያቸው አበሱት። ከዚያ ተነሥተው አራተኛውንም አምስተኛውንም አመላለሱ። ልኬት ከተጀመረ እስከ መጨረሻው መለካት አለበት ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

አመሻሽ ላይ ባለቤታቸውና ልጅቷ ሲመጡ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጉልበትሽን ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ።

ባለቤታቸው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ነገርሽው አይደል!»

«ኧረ እኔ ትንፍሽ አላልኩም!»

«አልነገረችኝም» አሉ ሰዓት ሠሪው። «መከዳሽ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።»

«ጽጌረዳውን ስለምትወደው ነው» አሉ ባለቤታቸው።

«አንቺ ትወጂዋለሽ ብዬ እኮ ነው የተከልኩት!»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰዓት ሠሪው ግን ሊስቁ ጀምረው መሀል ላይ ሳቁ እምቢ አላቸው። «ይቅር በይኝ» አሉ። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞረው፦ «ልጄ፣ ረትተሽኛል። አሥራ አንዱም ይነቀሉ፤ ቦጋንቪላሽን አምጪ።»

ልጅቷ ደስ ብሏት በየትኛው በኩል እንደሚተከል፣ ጉድጓዱም ምን ያህል እንደሚጠልቅ መዘርዘር ጀመረች።

«ቆዩ እስቲ!» አሉ ባለቤታቸው። «አንተ ጽጌረዳ ትላለህ፤ አንቺ ቦጋንቪላ ትያለሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ከመሀላችሁ እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?»

የተማረችውም ከእነ ትምህርቷ አቀረቀረች። የቆየውን ልማድ የሚነቅፍ ሰውም ቢሆን፣ ሸክሙ የማን እንደሆነ ካወቀ በኋላ ተሸካሚዋን ሳይጠይቅ ከወሰነ ከቀደመው ብዙ አልራቀም።

«እሺ አክስቴ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ይተከል?»

«ነጯ ጽጌረዳ፣ በሩ አጠገብ ያለችው፣ ትቅርልኝ። ስወጣ ስገባ መዓዛዋን እወደዋለሁ፤ ለአንዲት እግር ደግሞ አትክልት ያጠብኩበት ውኃ ይበቃታል። አሥሩ ክረምት ሲገባ ተገርዘው ወደ መናፈሻችሁ ይሂዱ፤ እዚያ ውኃም አጠጪም አለ። ግድግዳው ላይ ቦጋንቪላሽ ትውጣ። በሚተርፈው ቦታ ላይ ደግሞ መቀመጫ እፈልጋለሁ። ይሄን ግቢ ቆሜ እንጂ ተቀምጬ አይቼው አላውቅም።»

እንደተባለውም ሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት የቦጋንቪላውን ውኃ ሰዓት ሠሪው ከሱቅ ሲመለሱ አንድ አንድ ጀሪካን እያደረጉ አወጡት፤ ለነገሩ በቧንቧው አጠገብ በየቀኑ ያልፉ ነበር። የባለቤታቸው ጉልበት ፈጽሞ አልዳነም፤ ዱላ ግን አልያዙም። በጋራው ቧንቧ ላይ የሚጠብቁ ጎረቤቶች ወረፋቸው መጀመሪያ በአራት፣ ኋላም በአምስት ጀሪካን ቀነሰላቸው። አሥሩ ጽጌረዳዎች ድሮ በአጥር ተከልለው አንድ ቤተሰብ ብቻ ያያቸው ነበር፤ አሁን መናፈሻው በር ላይ ሆነው አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያቸዋል። ሰዓት ሠሪውም ቀበቶአቸውን በሁለት ቀዳዳ አጥብቀዋል። ዛሬ ጎረቤት አበባ ሊተክል ሲያማክራቸው፣ ስለ ቀለሙና ስለ መዓዛው ከመናገራቸው በፊት «የሚያጠጣው ማን ነው? ጠይቀኸዋል?» ይላሉ።

ቦጋንቪላው ግድግዳውን ባለበሰ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ሃያ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆመው የመከዳዋን ገመድ ፈቱ። ወደ ላይ ወስደው በአዲሱ መቀመጫ ላይ አኖሯትና ባለቤታቸውን ጠሩ። ባለቤታቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ መጥተው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡባት። ነጯ ጽጌረዳ በሩ አጠገብ ፈክታለች፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል።

ባለቤታቸው ግቢውን ዙሪያውን አዩና «ለካስ» አሉ፣ «ለካስ እንዲህ ያምር ነበር።»