የሓጎስ ፍላሽ

ከሓወልቲ ወደ እንዳ ኢየሱስ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈች ተማሪ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኑን ሲነግራት ጥያቄዋን ጀመረች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የተሰረዘ ፕሮግራም ይመለሳል?»

«ማን ሰረዘው?»

«ቫይረስ ሳጸዳ አብሮ ሄደ። የመመረቂያ ሥራችን ነው፤ ሰኞ እናቀርባለን።»

«ከዚያ በኋላ ምን ጫንሽበት?»

«ምንም። ደንግጬ ዘጋሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት እዚያው ውስጥ አለ። እንዳትከፍቺው፤ ዲስኩን አውጥቼ በሌላ ኮምፒውተር እፈልገዋለሁ።»

«ግን ቫይረስ ሳይሆን ለምን ጠፋ?»

«ማጽጃው የማያውቀውን ይጠረጥራል። እናንተ የሠራችሁትን ከየት ያውቀዋል?»

«ሳያውቅ ይፈርዳል?»

«አይፈርድም ሓፍተይ። የጠረጠረውን ዘርዝሮ ይጠይቃል። ‹ሁሉም ይጥፋ› ያለው ማን ነው?»



«እኔ ነኝ። ዝርዝሩን አላነበብኩትም።»

«ጓደኞችሽ ያውቃሉ?»

«እነሱ ቫይረሱ በሓጎስ ፍላሽ ገባ ብለው ፕሮግራሙን ያጠፋው እሱ ነው ይላሉ። ትናንት ከቡድኑ አስወጡት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ ከተመለሰ ነገሩ ይረሳል ብዬ።»

«ሓጎስ ይረሳዋል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲህ ፋይሉን እኔ እፈልግልሻለሁ። ለሓጎስ የምትደውይው ግን አንቺ ነሽ።»

«አሁን? ታክሲ ውስጥ?»

«ማን ይሰማሻል? ሁሉም በየራሱ ሐሳብ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

መውረጃዬ አልፎ ነበር፤ «ሓጎስ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እስክትል ድረስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።