የእንግዳ ነጠላ ጫማ

ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ሐምራዊትዬ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ ከሆነ ላስቀይርልሽ? ኢስተን ሞል ያለው የጫማ ሱቅ ሥራሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ለሰው ጫማ ስታስለኪ... አይዞሽ፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የጀመርነው። ቅዳሴው ዛሬ ቶሎ አለቀ አይደል? አየሩም ትናንት በረዶ፣ ዛሬ ፀሐይ፤ ኦሃዮ እንዲህ ናት። ምን? አልሰማሽኝም? አዳራሹ እኮ ይጮኻል። ቆይ ድምፄን ከፍ ላድርግልሽ። የሚሰማ ካለም ይስማ፤ እኛ የምናወራው መልካም መልካሙን ነው።

ማህበራችን በመግባትሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የቅዳሜዋ ተረኛ ደግሞ... ስም አልጠራም። ሰው ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ ሻዩም ይደፋበታል። ጋሃና ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታለች፤ ካርፔቱ ነጭ ነው፣ ነጭ! ስለዚህ ጫማሽን በር ላይ ታወልቂያለሽ። እሷም "ቀዝቃዛ እንዳትረግጪ የኔ ቆንጆ" ብላ ሰማያዊ ነጠላ ጫማዋን ከገዛ እግሯ አውልቃ ታጠልቅልሻለች። ከገዛ እግሯ! በዚህ ዘመን ሰው እንኳን ጫማውን ሰላምታውን አይሰስትም እንዴ? እሷ ግን ደግ ናት። ከቤቷ ባዶውን የወጣ እንግዳ አላየሁም። እኔ የማውቃቸው እንኳ አምስት ሰዎች ይዘው ወጥተዋል።

ምን ይዘው? አይ ልጅነት... የጥፍር ፈንገስ ነዋ! መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል፤ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይወፍርና ሲቆርጡት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ብዙ ጊዜ አያምም። ጨዋ በሽታ ነው፣ እንደ ሰጪው ድምፁን አያሰማም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ሲባል ሰምተሽ የለ? እኛ ተረት እናወራለን፤ እሷ በሥራ አሳየችን። ለብቻዋ ቢከብዳት ለሁላችን አከፋፈለችው፤ ይኸው አጊጠናል።

የኔው ሀብተማርያም አምና ሶፋዋን ወደ ድሮው ቤቷ ሊያስገባላት ሄዶ ያችን ሰማያዊ አጥልቆ ዋለ። ሦስት ወር ሳይሞላ የአውራ ጣቱ ጥፍር ቢጫ ሆነ። ስኳር አለበት፣ ታውቂያለሽ። የስኳር ሰው እግር ቀልድ አያውቅም፤ ትንሽ ቁስል ጣት ታስቆርጣለች። ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። ታዲያ ወዴት ልሂድ? ወደ ነርሳችን፣ ወደዚችው ወደ ባለነጠላ ጫማዋ ነዋ! ማለቴ... በየቤቱ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ የሁለት ሳምንት ኮርስ ወስዳለች። እኔን ሁለት ሳምንት ለመንጃ ፈቃድ እንኳ አልበቃኝም፤ እሷ በዚያው ሐኪም ሆና ወጣች። ጭንቅላት ነው እንግዲህ!

ጥፍሩን አንዴ አየችውና "እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ይሄ ሪከንባከር መጋዘን ሲሠራ የሚያደርገው ባለ ብረት ቡት የመታው ነው፤ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፍዝፈው" አለችኝ። አየሽ ፍጥነት? በኋላ የሄድንበት የእግር ሐኪም እንኳ ከጥፍሩ ቆርጦ ላብራቶሪ ልኮ ነው የጠበቀው። "ቢጫ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ምትም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ክኒን አልጀምርም" አለን። ምስኪን፣ የኛን ሊቅ አላገኛትም!

ስድስት ወር ተዘፈዘፈልሽ። ቤቴ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ቆዳው ተላጠ፣ ጎኑ ቆሰለ። ሐኪሙ ሲያየው "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." አለ፤ እኔም እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ግን ተመስገን! ላብራቶሪው ፈንገስ ነው አለ፤ ጉበቱን በደም ምርመራ እያዩለት ክኒኑን ሦስት ወር ሙሉ ዋጠ። አሁን አዲሱ ጥፍር ከሥር ሮዝ ሆኖ ብቅ ብሏል። ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ይፈጃል አሉን። ካልሲውን በየቀኑ ይቀይራል፣ በጣቶቹ መሀል ያደርቃል። የጥፍር መቁረጫችንንም እንደ ጥርስ ብሩሽ ለየብቻ አድርገናል።

ባለፈው ወር ታዲያ "እንኳን ደስ አለሽ" ልላት አዲሱ ቤቷ ሄድኩ። ለሻይ ስኳር ፍለጋ ካቢኔቱን ብከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? የሀብተማርያምን ክኒን! ያው ስም፣ ያው ብልቃጥ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሱን ወስዳ ይሆን ብዬ ነበር። ለካ ስሟ ተጽፎበታል፤ ቀኑም የካቻምና ነው። ከዘጠናው ፍሬ ሰባው እዚያው አለ። ትንሽ ሲሻላት ትታው፣ ቀይ ኩቴክስ ደራርባበት፣ ነጠላ ጫማዋን ለእንግዳ አቀረበች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚሉት እኮ ውሸት ነው! እሷ በሽታውንም መድኃኒቱንም ደብቃ ይዛለች። ምስጢር እንደሷ የሚጠብቅ ከየት ይገኛል? ለራሷ ብላ እንዳይመስልሽ፤ እኛ እንዳንጨነቅ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አስራ አንዳችንም የማህበሩ አባላት የየራሳችንን ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን። አንቺም እንዳትረሺ። ቅር ይላት ይሆን? ለምን? ድካሟን ማቅለል አይደል! ሀብተማርያም መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ሰላምታውን በመስኮት ይሰጣታል። ክሊቭላንድ አቬኑ ያለውን የእግር ሐኪም ካርድም ይዤላታለሁ። ለሷ መች አልኩ? ለበሽተኞቿ ነው እንጂ!

ኧረ ተረኛችን ተነሳች... ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ። ወደኛ እኮ ነው የምትመጣው! ፈገግ በይ ሐምራዊትዬ፤ እንዲህ ያለች ሴት ሳትመረቅ አትሄድም። አሜን እያልሽ ተቀበይኝ። ቤቱን የሰላም ቤት ያድርግላት። ደጇን የሚረግጥ እግር አያሳጣት። ለኛ የሰጠችንን ሁሉ፣ በተለይ ለሀብተማርያሜ የሰጠችውን፣ እጥፍ ድርብ አድርጎ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ይክፈላት... አሜን በይ እንጂ!